አርባ አራቱ ሥዕሎች ምን በደሉ?

በአንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ አንድ ወጣት ሠዓሊ ስለ አሜሪካዊው ሮይ ሊችተንስታይን ሲያወራ ሰማሁ። በ1963 እ.ኤ.አ. የሣለው «ዋም!» ከጦርነት ኮሚክ መጽሔት የተወሰደ ነው፤ ወርዱ ከ4 ሜትር ይበልጣል፤ የለንደኑ ቴት በ1966 ገዝቶታል። «ኮሚክን ሸራ ላይ ያወጣው እሱ ነው» አለ ወጣቱ። «የእኛ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሸራስ?» ብለው ሳቀብኝ። «እሱማ የቱሪስት ዕቃ ነው።»

ይህች ሳቅ ናት ብዕር ያስነሣችኝ። ለመሆኑ «ዋም!» ላይ ምን አለ? አንዱ አውሮፕላን ይተኩሳል፣ ሌላው ይጋያል። ከዚያ በፊትስ? ከዚያስ ወዲያ? የለም። ሰውየው የኮሚኩን መልክ አጎላ እንጂ ተረኩን ቆርጦ ጥሎታል።

የሳባው ሸራ ግን፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል፣ ከዘንዶው ተነሥቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይዘልቃል። ንግሥቲቱ በአንዱ ክፍል ቅመም የበዛበት ግብር ትበላለች፤ በሌላው፣ በውድቅት ሌሊት፣ ውኃ ፍለጋ ትነሣለች፤ ሰሎሞን አድፍጦ ይጠብቃታል። በመሐል ያለውን ጥም ተመልካቹ ራሱ ይጠማላታል። የኮሚክ ጥበብ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

አዎን፣ ለገበያ በችኮላ የሚገለበጠው ሞልቷል፤ አንዳንዱማ ሰሎሞንን ከአሽከሩ መለየት ያቅታል። ታዲያ በገልባጩ ጥፋት ዘዴው ለምን ይኮነናል? ሸራውን ግድግዳ አሳክለው የታክሲ ሰልፉን፣ የቤት ኪራዩን ክፍል በክፍል ቢተርኩልን ማን ከለከላቸው?

ወጣቱን ይህንኑ ጠየቅሁት። ወይኑን ጨለጠና ወደ ሌላ ሰው ዞረ።