ከምሥራቅ የመጣው ሌባ

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ወደ ነቀምቴ ሄጄ ሳለሁ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ስለሚጽፈው ፊልም አጫወተኝ። ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማታ ደግሞ ደራሲ። አራት ሆነን ቡና ቤት ተቀምጠን ነበርና ታሪኩን ሲተርክልን ከሣቅ ብዛት ቡናችን ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሌባ መርካቶ ካለ ወርቅ ቤት ይዘርፍና በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነቀምቴ ይገባል። ፖሊስ እንደሚከተለው ባወቀ ጊዜ ራሱን ተላጭቶ፣ ብርቱካናማ ጨርቅ ተጎናጽፎ «ከሂማላያ ተራራ የመጣሁ መምህር ነኝ» ይላል። ወርቁ ዐይኑን ጨፍኖ በሚቀመጥበት ትራስ ውስጥ ተሰፍቷል። መርማሪው ፖሊስም ደቀ መዝሙር መስሎ ከእግሩ ሥር ይቀመጣል፤ ነገር ግን ትንፋሽ መቁጠሩ እንቅልፍ እያመጣበት ሌባውን መያዝ ያቅተዋል። የከተማው ሰው ይሰለፋል። የሚለምነውም የነፍስ ሰላም አይደለም፤ አንዱ ዝውውር፣ አንዱ የደረጃ ዕድገት፣ አንዱ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ከመካከላችን የሁለቱ ሣቅ ቀነስ አለ፤ የዝውውር ማመልከቻ አስገብተው ነበርና።

የእኔን ሣቅ ያቋረጠው ግን ሌላ ነው። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው አንዲት እናት ወደ መምህሩ ይቀርባሉ። እርሱም ትንፋሹን ሰብስቦ «ልጅዎ ሙክት ሆኖ ዳግመኛ ተወልዷል፤ ገበያ ወርደው ይፈልጉት» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ ከብት ተራ ውስጥ በየሙክቱ ፊት እየቆሙ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ይታያሉ። ጓደኛዬ የፊልሙ ትልቁ ሣቅ ይህ ነው ይላል። እኔ አይደለም እላለሁ።

መቼም ወንጀልንና የምሥራቅን መንፈሳዊነት አደባልቆ ፊልም መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965) በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ፊልሞች ወጥተዋል። አንደኛው ቢትልስ የተባሉት አራት እንግሊዛውያን ዘፋኞች የተጫወቱበት «ሄልፕ» ነው። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር የመሥዋዕት ቀለበት አጥልቆ ስለተገኘ፣ አንድ የምሥራቅ ጣዖት አምላኪ ማኅበር ሊሠዋው ከለንደን እስከ አልፕስ ተራራና ባሃማስ ድረስ ያሳድደዋል። በጄምስ ቦንድ ፊልሞች ላይ የተቀለደ ቧልት ነው። ማኅበሩ ግን የትም የሌለ፣ የሕንዶችን የካሊን ስም ጥቂት አጣሞ የተፈጠረ ነበር። የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ባሃማስ ላይ ፊልሙ ሲነሣ ስዋሚ ቪሽኑዴቫናንዳ የሚባል ሕንዳዊ መነኩሴ ስለ ዮጋ የጻፈውን መጽሐፍ ሰጣቸው። ጆርጅ ሃሪሰንም በዚያው ፊልም ሥራ ላይ ከሲታር ጋር ተዋወቀ። ፊልሙ ከታየ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1960 ዓ.ም. አራቱም ሕንድ አገር ወርደው ሪሺኬሽ ላይ ከማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ዘንድ ተቀመጡ። የቀለዱበት ነገር ምን እንደሆነ የጠየቁት ከቀለዱ በኋላ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ዴቭ አናንድ የተጫወተበት የሕንዶቹ «ጋይድ» ነው። ራጁ የተባለ አስጎብኚ የወዳጁን ፊርማ አስመስሎ በመፈረሙ ይታሰራል። ተፈትቶ ሲንከራተት አንድ መቅደስ ውስጥ ቢተኛ የመንደሩ ሰዎች ቅዱስ ሰው መስሏቸው ምግብ ያመጡለታል፤ እርሱም ይበላል። በኋላ ድርቅ ይገባል። በተሳሳተ መልእክት ምክንያት «መምህሩ ዝናብ እስኪዘንብ 12 ቀን ሊጾምልን ነው» የሚል ወሬ ይነዛል። ሊሸሽ ያስባል፤ አልሆነለትም። መጾም ይጀምርና ውሎ አድሮ የምሩን ይጾማል። ዝናቡ ይወርዳል፤ እርሱ ይሞታል። (የመጽሐፉ ደራሲ አር. ኬ. ናራያን ፊልሙን አልወደደውም፤ በእርሱ መጽሐፍ ዝናቡ መዝነቡ እርግጠኛ አይደለም።) በዚህ ፊልም ውስጥ በመንደሩ ሰዎች የሚሥቅ የለም። በወጥመዱ የተያዘው አታላዩ ራሱ ነው፤ ወጥመዱም ያታለላቸው ሰዎች እምነት ነው። ጾም ምን እንደሆነ ደግሞ ለነቀምቴ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም።

ለመሆኑ ሕንድ ለወለጋ ሰው ምንድን ነው? በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን ያስተምሩ ነበር። ለአባቶቻችን ሕንዳዊ ማለት ጠመኔ የጨበጠ የሒሳብ መምህር እንጂ ዐይኑን የጨፈነ ባሕታዊ አልነበረም። ስለዚህ ብርቱካናማው ጨርቅ ማንንም የሚያታልል አይመስለኝም። ደግሞም ከነቀምቴ ሆነው ሲመለከቱት ምሥራቁ አዲስ አበባ ነው፤ 330 ኪሎ ሜትር ያህል። ሌባው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ኮምፒዩተር አንግቶ «የስኬት አሠልጣኝ ነኝ» ብሎ ቢመጣ፣ አዳራሽ ሰብስቦን «ትንፋሻችሁን ሳቡ፤ ሀብታም ነኝ በሉ» ቢለን፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ቢያድለን ማን ይጠረጥረዋል? እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወረቀት ሁለት አለኝ። ፊልሙም በኦሮምኛ መሠራት አለበት፤ በአማርኛ ተጽፎ የሚሄድ ቀልድ ግማሹ ባኮ ላይ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ሌባው ብቻ አማርኛ ይናገር፤ አስተርጓሚ ይቁምለት፤ አስተርጓሚውም የሚለውን ሁሉ እያሳመረ ይተርጕምለት።

እናቲቱን ግን ከብት ተራ መስደዱን ይተው። ፊልሙ አንድ ቀን ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ይታይ ይሆናል። ልጃቸው የት እንደ ገባ የማያውቁ እናቶች በዚህ አገር የደራሲ ፈጠራ አይደሉም፤ ከአዳራሹም ውስጥ ይቀመጣሉ።

ይህን ስነግረው ጓደኛዬ «ታዲያ ምን ይበላቸው?» አለኝ።

«መልስ ይጣ» አልሁት። «ለሁሉ መልስ ሲሰጥ የኖረ አፍ እሳቸው ፊት ይያዝ። መርማሪውም ያን ጊዜ ከእንቅልፉ ይንቃ።»

«ሣቅ የለበትም» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከአስተናጋጇ እስክርቢቶ ተውሶ በቡናው ሒሳብ ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጫረና ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ሒሳቡን የከፈልሁት እኔ ነኝ።