ያለ አንድም ተቃውሞ

ከላንቻ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ በቅርቡ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቶ ሄጄ ነበር። ስለ መንገድ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጽዳት ረጅም ገለጻ ተደረገ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ይኼ ሁሉ ገንዘብ ሲመደብ የእኛን ሰፈር ጉዳይ ያነሳ ሰው ነበር ወይ?» አሉ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰው የሰጡት መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «አባቴ፣ አያስቡ፤ ምክር ቤታችን ያለ አንድም ተቃውሞ ነው ያጸደቀው» አሏቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጥያቄያቸውም አብሯቸው ተቀመጠ።

ጥያቄውና መልሱ አልተገናኙም። አንድ ሰው ጉዳዬን ያነሳልኝ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ማንም ምንም አላነሳም ብሎ መመለስ እንዴት ማጽናኛ ይሆናል? ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያለ አንድም ተቃውሞ» የምትለው አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣችም። «በሙሉ ድምፅ» ትባላለች፣ «በጋለ ጭብጨባ» ትባላለች፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ናት። የምክር ቤት ዜና በተነገረ ቁጥር እንሰማታለን፤ ከመልመዳችን የተነሳም እንደ ሙገሳ ቆጥረናታል። እኔ የምለው ሙገሳ አይደለችም ነው። ምክር ቤቱ ሥራውን አለመሥራቱን የሚናገር የምስክርነት ቃል ናት።

ምክር ቤት ስል ማለቴ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ነው፤ 138 ወንበር ያለው። በአዋጅ ቁጥር 361/1995 በተሰጠው ሥልጣን በጀት የሚያጸድቅ፣ የከተማ ሕግ የሚያወጣ፣ የከንቲባውን ካቢኔ ሪፖርት የሚሰማና የሚቆጣጠር እሱ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። አጀንዳ ማጽደቅ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ፣ የቋሚ ኮሚቴ ሪፖርት መስማት፣ የኦዲት ግኝት ማገላበጥ እንጂ ሰልፍና ሆታ የለበትም። ግን ያ አሰልቺ ሥራ ነው ለላንቻ ሰው የሚጠቅመው። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚገባው እዚያ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የከተማዋ የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። የ2018ቱ 350 ቢሊዮን ብር ደረሰ። በአንድ ዓመት ወደ 120 ቢሊዮን ብር ጨመረ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም፤ ከሱቁ፣ ከጋራዡ፣ ከደመወዙ፣ ከቤቱ ነው የሚሰበሰበው። 138 የተለያየ ሰፈር የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሰነድ አንብበው አንዳቸውም «ለዚህ በዛ፣ ለዚያ አነሰ» የሚሉት ነገር ካላገኙ፣ ወይ አላነበቡትም፣ ወይ አንብበው ፈርተዋል። ሦስተኛ መልስ ያለው ሰው ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

እስቲ ከዚህ ወደ እድራችን ልውሰዳችሁ።

የእድራችን ኮሚቴ ወርሃዊ መዋጮው ከ60 ብር ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ሐሳብ ይዞ መጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሁሉ ነገር ተወዷል። ዳኛው በግማሽ ሰዓት እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ ሁለት እሑድ ፈጀ። መጀመሪያ የተነሱት በጡረታ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «ጭማሪውን አልጠላሁም» አሉ፣ «ግን ዓምና ለድንኳን ማሳደሻ ያዋጣነው የት ገባ? ድንኳኑ አሁንም ያፈሳል።» ገንዘብ ያዡ ፊታቸው ተለዋወጠ። በቃል ለማስረዳት ሞከሩ፤ ሴትየዋ «በወረቀት» አሉ። ሰውየው ቤታቸው ሄደው የደረሰኝ ጥራዛቸውን በፌስታል ይዘው ተመለሱ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አነበቡ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ለወንበርና ለድስት ውሏል። ነገር ግን ያን የወሰነ ስብሰባ አልነበረም። «እንግዲያው ጥፋት ነው» ተባለ፤ እሳቸውም «ጥፋት ነው» ብለው ተቀበሉ።

በሁለተኛው እሑድ ድምፅ ተሰጠ። መዋጮው 100 ሳይሆን 80 ብር ሆነ፤ ጡረተኛ በ60 እንዲቀጥል ተወሰነ። 11 ሰው ተቃወመ፣ 4 ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፣ ጸሐፊው ሁሉንም በቃለ ጉባኤ አሰፈሩ፣ ተነቦልን ፈረምን። በሚቀጥለው ወር 11ዱም ከፈሉ። አንድም አላጉረመረመም። ለምን? ተሸንፈው እንጂ ተንቀው አልሄዱማ።

በአንድ ሰው 20 ብር ለመጨመር ይህን ያህል የሚጠያየቅ ሕዝብ፣ በቢሊዮን ለሚቆጠረው ገንዘቡ ጠያቂ አያስፈልገውም የሚለኝ ማን ነው? ሕዝባችን መከራከር አይችልም፣ ባህላችን አይደለም የሚባለውም ሐሰት ነው። ከሰፈራችን እድር ድንኳን ሥር ያለው ወግ ከከተማው ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ጠፍቷል፤ ያጠፉት ደግሞ ወንበር የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው።

«ክርክር ልማት ያጓትታል» የሚሉ አሉ። በዚያ የነዋሪዎች ስብሰባም ተብሏል። ጥያቄ መጠየቅ ያጓተተው መንገድ ካለ ይነገረኝ። እኔ የማውቀው ሳይጠየቅ ተሠርቶ፣ ቱቦ ተረስቶ፣ እንደገና የተቆፈረ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ሠርቶ ሁለት ጊዜ ማፍረስ ፍጥነት አይባልም።

ቅርብ ያለ ነገር ልጥቀስ። እኛ ሰፈር ታክሲ የሚጠበቅበት ጥግ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ጠፍቷል። ሁለት ክረምት አለፈው። የሰፈሩ ልጆች አሮጌ ጎማ ከተቱበት፣ መሐሉ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት አቆሙ፣ ጫፉ ላይ ሰው እንዲያይ ቀይ ፌስታል አሰሩ። ዝናብ ሲጥል ውኃው ጎማውን ያነሳዋል፣ እንጨቱ ይዘማል፣ ቀዩ ፌስታል ብቻ ከውኃው በላይ ይታያል። ማታ መብራት ሲጠፋ እሱም አይታይም። ሐምሌ ላይ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ ቴርሞሷን እንደያዘች እግሯ ገብቶ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ለማመልከት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ቢሮ ተመላለስን። «የእኛ አይደለም» ከማለት በስተቀር መልስ አላገኘንም። ቢሮዎቹን በስም አልጠራም፤ የቢሮ ሠራተኛ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የምጠራው ማዘዝ የሚችለውን ነው። ተነስቶ «በእኔ ምርጫ ክልል አንድ ክዳን ለመግጠም ሁለት ዓመት ለምን ያስፈልጋል? ኃላፊነቱ የማን ነው?» ብሎ በጉባኤ የሚጠይቅ አንድ ተመራጭ ቢኖር፣ ያ ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ቢገባ፣ ክዳኑ በሳምንቱ ይገጠም ነበር። ሹም የሚፈራው በጽሑፍ የሰፈረ ጥያቄን ነው።

ነገሩ የአንድ ፓርቲ ብቻ ችግር እንዳይመስለን ወደኋላ ልመለስ። በ1997 ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ ወንበር 137ቱን አሸነፈ፤ ወንበሩን ሳይረከብ ቀረና ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ተመራች። በ2000 ኢሕአዴግ በተራው 137 ወሰደ። በ2013 ብልጽግና ሁሉንም ወሰደ። አንድ ድምፅ በለጠ የተባለ ወንበሩን ጠቅልሎ የሚወስድበት የምርጫ ሥርዓት ይህን ያመጣል፤ ይህን ማረም የምርጫ ሕግ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ለዛሬዎቹ ሰበብ አልሰጥም። ከአንድ ፓርቲ መሆን ዲዳ መሆንን አያስገድድም። የላንቻ ሰው ችግርና የሲኤምሲ ሰው ችግር አንድ አይደለም፤ የፓርቲ መታወቂያቸው አንድ የሆነ ሁለት ተመራጮች ስለ አንድ በጀት በሐቅ ሊለያዩ ይገባል። ካልተለያዩ የሚወክሉት ሰፈራቸውን አይደለም።

ምክር ቤት ዝም ሲል ጥያቄው አይጠፋም፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል እንጂ። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ የሚባለው የቤት ግብር ሲጨምር ያየነው ይህንኑ ነው። ለጭማሪው መሠረት ተብሎ የተጠቀሰው ሕግ በደርግ ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር። ጭማሪው የመጣው በፋይናንስ ቢሮ ጥናት ነው። ሰው ወረቀቱን ይዞ ተደናገጠ፤ ጭማሪውን ማን ፈቀደ ብሎ ፍርድ ቤት የሄደው እናት ፓርቲ ነው። ግብር መጫን የሕዝብ እንደራሴ ጉዳይ ነው። አንድ ፓርቲ ዳኛ ፊት ቆሞ ያነሳውን ጥያቄ 138 ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሊያነሱት ይገባ ነበር።

ካዛንቺስም አለ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ ሲነሳና ነዋሪው ገላን ጉራ ሲወርድ፣ ከእኛ ክፍለ ከተማ ቂርቆስ ልቡ ወጣ ማለት ነው። ጣሊያን ለሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ ስም ያለው ሰፈር ነው። ይነሳ አይነሳ የሚለውን ክርክር ዛሬ አልገባበትም። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ቤተሰብ ማንሳት ለልጆቹ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ተመራጭ ነበር? እድራቸው የተበተነባቸው ሰዎች ቀብራቸውን ማን እንደሚያስፈጽም የጠየቀ ነበር? ካለ ስሙን ንገሩን፤ እናመሰግነዋለን።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከከተማው ምክር ቤት በታች ያለው ባዶነት ነው። ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠሁት በሚያዝያ 2005 ነው። ያን ዓመት የተወለደ የጎረቤቴ ልጅ የ6ኛ ክፍል ፈተና ወስዷል። ያኔ የመረጥናቸው ለአምስት ዓመት ነበር። በ2010 ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፤ በ2013 የተመረጠው የከተማው ምክር ቤት ብቻ ነው። ብዙ አባላት እንዲኖሩት ተብሎ የተደራጀ የታችኛው ምክር ቤት፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ ስለ ፍሳሽ ክዳን ለመነጋገር የሚመች እርከን ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ይላል። ስሙን የማላውቀውን ሰው እንዴት አድርጌ ነው የማነሳው?

ሽማግሌውን ከስብሰባው በኋላ በር ላይ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ መልሱ አጠገበዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩት ማን ተቃወመ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «ማን ስማችንን ጠራ ብዬ ነው።» ከዚያ ዣንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘው ወደ ላንቻ አስፋልት ወረዱ።

ስለዚህ ይህን ለቂርቆስ ተመራጮች በቀጥታ እጽፋለሁ። ተቃወሙ አላልኩም። የሚደገፍ ነገር ሲኖር ደግፉ፣ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን የሚቀጥለው በጀት ሲቀርብላችሁ ሰነዱን ከጉባኤው በፊት ይዛችሁ ወደ ሰፈራችን ኑ፤ እድራችን ድንኳን አለው፣ አሁን ታድሷል፣ ወንበርም ሞልቷል። አንድ እሑድ ስጡን። ከዚያ አዳራሽ ገብታችሁ ላንቻን በስም ጠርታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ ይግባ፣ ድምፃችሁም በየስማችሁ ይመዝገብ። ክዳን የጠፋው ጉድጓድ የት እንደሆነ ከታክሲ ስትወርዱ የሰፈሩ ልጆች ያሳዩአችኋል።