የበገና ትምህርት በቪዲዮ፦ ለማዳመጡስ ማን ይከፍላል?

«በስክሪን በገና አይለመድም» የሚሉ አሉ። «በሁለት ወር እናስደረድራለን» ብለው የሚያስተዋውቁም አሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

አንድ የማውቀው የበገና መምህር አለ። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል፤ ተማሪው ያለችበት ዋሽንግተን ገና ረፋድ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ልጅቷ ስትደረድር ድምፁ ብቅ ይልና ይጠፋል። እሱ ጥፋቱ የእጇ መስሎት ሦስት ሳምንት ሲያርማት ከርሟል። ለካስ ጥፋቱ የመተግበሪያው ነው! በገና የሚነዝረው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መሃል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራው ነው። ለስብሰባ የተሠራው መተግበሪያ ደግሞ ያንን ንዝረት እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል። ዙም ላይ ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፍ ማስተካከያ አለ። እሱን ስታበራው በገናው በገና ሆነ።

ሁለተኛው ችግር ግን በማስተካከያ አይፈታም። ድምፅ በኢንተርኔት ሲሄድ ይዘገያል። መዘግየቱ ለወሬ ምንም አይደለም፤ አብሮ ለመደርደር ግን አያስችልም። የእኛ ልማድ ደግሞ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ፣ እያዩና እየሰሙ አብሮ መደርደር ነው። ይህን እንዳለ ወደ ስልክ ማዛወር አይሆንም። የሚሻለው ተማሪው በሳምንቱ መሃል ራሱን ቀድቶ ቢልክ፣ መምህሩም ደጋግሞ ሰምቶ ስህተቱን ቢነግረው ነው። የቪዲዮው ሰዓት ለእጅ አያያዝና ለቅኝት ይዋል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች የሚከፍሉት ለቪዲዮው ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም «በስልክ ስለሆነ ቀንስልን» እያሉ። ይህ መምህር ባለፈው ሳምንት የስድስት ተማሪዎችን ቅጂ ሲሰማ አመሸ። አንድም ብር አላገኘበትም። እንዲህ ከቀጠለ ወይ ማዳመጡን ይተወዋል፣ ወይ ማስተማሩን። በሁለቱም የሚጎዳው ልጁ ነው።

በአካል መማርን የሚተካ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። በከተማው መምህር ያለው ሰው ተነስቶ ይሂድ። መምህር በሌለበት ከተማ ለሚያድግ ልጅ ግን ያለው አማራጭ ይኸው ስልክ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ዋጋ ስትስማሙ መምህሩ ቅጂ የሚያዳምጥበትን ሰዓትም ቁጠሩለት። መምህራንም ይሉኝታውን ትታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ማዳመጥም ማስተማር ነው።