አንድ መዝገብ የሚነኩ ሰዎች አንድ ክፍል ይቀመጡ

ይድረስ በአብነት፣ በሰባተኛና በልደታ አካባቢ ለምትሠሩ የወንጀል መርማሪዎች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ዳኞች፣ ተከላካይ ጠበቆችና የማረሚያ ቤት ባልደረቦች፤ እንዲሁም በሰፈሩ የማታ ትምህርት ለምታስተዳድሩ ታላላቆቼ፤

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። እንጀራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። ተከሶ የቀረበ፣ ለምስክርነት የተጠራ፣ ተበድሎ አቤት ያለ ወገኔ በአማርኛ የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ለዳኛው አደርሳለሁ፤ የዳኛውን ደግሞ መልሼ ለእሱ። አገር ቤት ስመጣ ከአብነት ፌርማታ በባቡር ዳርማርን አልፌ ልደታ እወርዳለሁ። እዚያ ባለው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ልጇ ከመኪና ሲወርድ ለማየት ከጠዋት ጀምሮ የቆመችውን እናት ሳያይ የሚያልፍ የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሷ እያሰብኩ ነው።

የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሯችሁ በሥራ ላይ ላላችሁ የወንጀል ፍትሕ ባለሙያዎች በአንድ ዓመት ገደማ የሚያልቅ የማታ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ትምህርት ይከፈት፤ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዳኛው፣ ጠበቃውና የማረሚያ ቤቱ መኮንንም በአንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ተጎራብተው ይማሩ። ከልመናዬ የመጨረሻዋ ክፍል ትበልጥብኛለች።

እዚህ አሜሪካ ይህ ዓይነቱ ትምህርት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ኮርስ ነው፤ ማታ፣ ቅዳሜ ወይም በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ማስተርስ ለመቀጠል የፈለገ ሰው ኮርሶቹ ይያዙለታል። እኔም ከሥራ ስወጣ በአንድ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ክፍላችን ውስጥ የፖሊስ ሳጅን ነበር፤ የእስር ቤት ጠባቂ፣ የአመክሮ ተቆጣጣሪ፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የምትሠራ ሴትም ነበሩ።

አንድ ቀን መምህራችን አንድ ገጽ የእስር ሪፖርት አደለን። ጉዳዩ ከሱቅ የተፈጸመ ስርቆት ነው። «እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ የምታዩትን መስመር በእርሳስ አስምሩበት» አለን። ሳጅኑ ፍተሻው እንዴት እንደተደረገ የሚገልጸው መስመር ላይ አሰመረ። ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ የመጣችው ሴት የምስክሩ አድራሻ አለመሞላቱን አሳየች። የእስር ቤት ጠባቂው ሰውዬው የተያዘበትን ሰዓትና እስር ቤት የገባበትን ሰዓት አገናኝቶ «በመሀል ያሉት ሰዓታት የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ያሰመርኩት «ማድረጉን አምኗል» የሚለው ላይ ነው፤ በምን ቋንቋ ተጠይቆ እንዳመነ አልተጻፈም። ያ ሳጅን ብዙ ዓመት ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የጻፈው ወረቀት ከእጁ ከወጣ በኋላ ማን ምን እንደሚፈልግበት ከባለቤቶቹ አፍ የሰማው ግን ያን ዕለት ነበር፤ ከክፍል ስንወጣም ይህንኑ ነገረኝ።

አሜሪካኖቹ እዚህ የደረሱት ተሰናክለው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 ለፖሊሶች ተብሎ የተቋቋመው ኮሌጅ፣ በኋላ ጆን ጄይ የተባለው፣ በፈረቃ የሚሠራ ፖሊስ ትምህርት እንዳያመልጠው ጠዋት የተሰጠውን ማታ ይደግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት በሥራ ላይ ላሉ ፖሊሶች የትምህርት ወጪ መሸፈን ሲጀምር እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በየቦታው ፈላ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሎውረንስ ሸርማን ያዘጋጀው ሪፖርት ወጣና ጥራቱን ክፉኛ ተቸው፤ ፖሊሶች ለብቻቸው ተሰብስበው፣ ብዙውን ጊዜ በቀድሞ ፖሊሶች፣ የሚያውቁትን መልሰው እየተማሩ ነው የሚል ነበር። የኤፍ ቢ አይ ብሔራዊ አካዳሚ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉ የፖሊስ ኃላፊዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ አሥር ሳምንት የሚወስደው ትምህርቱ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በኩል ይታወቃል፤ ከሌሎች አገሮችም መኮንኖች ይመጡበታል። እኛ ከእነሱ መውሰድ ያለብን ሸርማን የነቀፈውን ሳይሆን የጠየቀውን ነው፤ ፖሊስ ፖሊስ ካልሆነ ሰው ጋር ይማር።

በእኛ አገር መርማሪው ሰንዳፋ ይሠለጥናል። ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ፍትሕና ሕግ ኢንስቲትዩት ይሄዳሉ። የማረሚያ ቤቱ መኮንን የራሱ ማሠልጠኛ አለው። ሁሉም የሚገናኙት መዝገቡ ላይ ነው፤ ያውም በፊርማ። በ2003 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ከመነሻው ጀምሮ እንዲመራ፣ ከፖሊስ ጋርም አብሮ እንዲሠራ አዟል። አብሮ መሥራትን ግን ትእዛዝ ብቻውን አያመጣውም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ እንዴት ይመራዋል?

ነገሩን ወደ መርካቶ ላምጣው። ምናለሽ ተራ አንድ ሱቅ ተዘረፈ እንበል። ሱቁ ካሜራ አለው፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅም አለው። የካሜራ መቅጃ ሲሞላ አሮጌውን ምስል እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀዳል፤ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ምስሉ አይገኝም። መርማሪው በመጀመሪያው ቀን የባለሱቁን ቃል ተቀበለ፣ ተጠርጣሪ ያዘ፣ ተረኛ ችሎት አቀረበ። «የምስክር ቃል ተቀብለን አልጨረስንም፤ ግብረ አበሮቹ አልተያዙም፤ 14 ቀን ይፈቀድልን» አለ። ተፈቀደለት። ደግሞ ሌላ 14 ቀን ጠየቀ። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደርሶ «የካሜራው ምስል የታል?» ሲባል ምስሉ ከጠፋ ቆይቷል። ወይ ጥፋተኛው ይለቀቃል፣ ወይ ንጹሑ ይታሰራል። ባለሱቁም ፍትሕ የለም ብሎ ሌላ ጊዜ አቤት ማለቱን ይተዋል።

ደረቅ ቼክም እንዲሁ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ወንጀል ያውቀዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የሚያወጣ ሰው እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። በቸልተኝነት ከሆነ ቅጣቱ በጣም ይቀላል። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው ሰውዬው ልቡ ውስጥ ነው፤ ያን የሚያሳየው ደግሞ መርማሪው በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰበስበው ወረቀት ነው። ባንኩ የመለሰበት ማስታወሻ፣ የሒሳቡ እንቅስቃሴ፣ ቼኩ ሲሰጥ በነጋዴዎቹ መካከል የተባባሉት። «ለዋስትና ነው የሰጠሁት» የሚለው መከላከያ ችሎት ላይ እንደሚመጣ ጠበቃ ሁሉ ያውቃል። መርማሪው ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ስለ እሱም ይጠይቅ ነበር። ከዚህ የባሰው የስልኩ ጉዳይ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ተላከ የሚል የሐሰት መልእክት አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድም አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በ2008 ወጥቷል። ከዚያ በፊት የሠለጠነ መርማሪ ግን የዲጂታል ማስረጃን አያያዝ ከየት ያምጣው?

ስለ ዳኛው ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይናገራል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። አንቀጽ 19 ንኡስ 4 ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀደው ለምርመራው አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ሲፈቅድ መርማሪዎቹ የተያዘው ሰው በተቻለ ፍጥነት ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን አክብረው እየሠሩ መሆናቸውን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን ገደብ አላስቀመጠም። ስለዚህ ገደቡ የዳኛው ጥያቄ ነው። «ባለፉት 14 ቀናት ምን ሠራችሁ? ምስሉን ወሰዳችሁ? ለባንኩ በየትኛው ቀን ጻፋችሁ? መልሱ መጣ?» እነዚህን ለመጠየቅ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ይህን አያስተምርም። በዚህ ጥያቄ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ደጃፍ ላይ ለቆመችው እናት ሁለት ሳምንት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

«ስልጠናማ ሞልቷል» የሚል ይኖራል። አውቃለሁ፤ አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ አለ። አዘጋጆቹ በጎ አሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። ሆኖም በሦስት ቀን ውስጥ ማንም ሰው የሠራውን መዝገብ አምጥቶ፣ ተተችቶ፣ ተመልሶ ሞክሮ፣ እንደገና አይተችም። የማታ ተማሪ ግን ሰኞ የተማረውን ማክሰኞ ጣቢያ ላይ ይሞክራል፤ በሳምንቱ ያልሠራለትን ይዞ ይመጣል።

ደግሞም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1956 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ማታ ማታ ሕግ የሚማሩበት የሰርተፍኬትና የዲፕሎማ ትምህርት አብሮ ነበረ፤ በአማርኛ የሚሰጥም ነበረበት። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገና አዲስ ነበር፤ ያረቀቁት የስዊስ ሰው ዣን ግራቨን ናቸው፤ የሥነ ሥርዓቱን ሕግ ያዘጋጁት ደግሞ እንግሊዛዊው ሰር ቻርለስ ማቲው። ሕጉ ከውጭ የመጣ፣ ዳኛው ደግሞ በፍትሐ ነገሥትና በልማድ ያደገ በነበረበት በዚያ ዘመን አባቶቻችን ቀን ሠርተው ማታ ደብተር ይዘው ስድስት ኪሎ ይወጡ ነበር። አሁን የቸገረን የዚያ ዓይነት ክፍት ቦታ ነው፤ ሕጉ አለ፣ ዲግሪውም አለ፤ አብሮ መማሪያው ነው የጠፋው።

ስለ ቋንቋው አበክሬ የምለው አለኝ። ትምህርቱ በአማርኛ ይሁን። የተጠርጣሪ ቃል የሚጻፈው፣ ክሱ የሚመሠረተው፣ ፍርዱ የሚነበበው ልደታ ላይ በአማርኛ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ግን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ የምኖር ሰው ነኝ፤ በማይሠራበት ቋንቋ የተማረ ሰው ያወቀውን ለመናገር ምን ያህል እንደሚቸገር በየቀኑ አያለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ የለም እንዳይባል የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችን በቅጽ በቅጽ አሳትሟል፤ ከ1997 ጀምሮም ለሥር ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ናቸው። እውነተኛ ጉዳይ፣ እውነተኛ ክርክር፣ በራሳችን ቋንቋ። በ2006 የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያም አለ።

ከባዱ ጥያቄ የዳኛው ነጻነት ነው። ዳኛ ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ማታ ማታ አብሮ ተቀምጦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ጠዋት እንዴት ይዳኛቸዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። ስለዚህ ተከላካይ ጠበቃ የሌለበት ክፍል አይከፈት፤ ቁጥራቸውም ከዐቃቤያነ ሕጉ አይነስ። ክፍል ውስጥ የሚቀርበው መዝገብ የተዘጋ፣ ስሙ የተሰረዘ ይሁን። በቀጠሮ ላይ ስላለ ጉዳይ አንድ ቃል የተናገረ ከትምህርቱ ይሰናበት። ይህ ሁሉ ይጻፍ፤ ተማሪውም ፈርሞበት ይግባ።

ወረቀቱ ለዕድገት ብቻ እንዳይሆን ፈተናው መዝገብ ይሁን፤ ምርጫ አክብብ አይሁን። ተማሪው አንድ የተዘጋ መዝገብ ይሰጠውና በ48ኛው ሰዓት ምን መኖር እንደነበረበት ጽፎ ያሳይ። ይህን ላለፈ ሰው ግን መሥሪያ ቤቱ በደረጃ ዕድገት ላይ ይቁጠርለት። በፈረቃ የደከመ ሰው ያለ ምንም ተስፋ ማታ ይማር ማለት ግፍ ነው። ክፍያውንም ደመወዙ እንደማይችለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ላይ እኛ በውጭ ያለነው መግባት እንችላለን፤ ለሠርግና ለለቅሶ መዋጮ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ቦታውን አብነት ያልኩት ሰፈሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከልደታ ፍርድ ቤት የወጣ ዳኛ በሁለት ፌርማታ ይደርሳል፤ የመርካቶ ጣቢያዎች መርማሪዎች በእግራቸው ይመጣሉ። ሰፈሩ የማታ ተማሪ ያውቃል።

አሁን የሚያስፈልገኝ ይህ ነው። ማታ ክፍት የሆነ አንድ ክፍል የምትሰጡ፣ እውቅናውን ለመጠየቅ የምትደፍሩ ታላላቆቼ ጻፉልኝ። የመጀመሪያው ኮርስ «ከመያዝ እስከ ክስ» ቢሆን ይሻላል እላለሁ፤ ዝርዝሩን አዘጋጅቻለሁ፣ እልካለሁ። እዚህ በአመክሮ ተቆጣጣሪነት፣ በጠበቃነትና በፖሊስነት የሚሠሩ ያገር ልጆች አሉ፤ አሠራርን አነጻጽረው በኢንተርኔት ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑትን አሰባስባለሁ። ዋናው መምህር ግን እዚያው ችሎቱን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት አብነት ላይ ሲሆን በአሜሪካ በጋ እኛ ዘንድ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው፤ ማናችንም ሥራ የለብንም። ክረምት ላይ ፈቃድ ወስጄ ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ፊት ለፊት ባገኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የምርመራ መዝገብ በየቀኑ የሚጽፉትን።

አክባሪ ወንድማችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ