ቀስትና ቅንፍ

ፒ.ኤች.ፒ. በሚባለው ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቀስቱን መቼ ልጻፍ፥ ቅንፉንስ መቼ?» የሚል ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሱቅ ሒሳብ ሊያፋልስ የሚችል ስለ ሆነ በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት ልንነጋገርበት ወደድን።

ቋንቋው ብዙ ነገሮችን በአንድነት የሚይዝበት ሁለት ዓይነት መያዣ አለው። አንደኛው አሬይ ይባላል፤ እያንዳንዱ ዋጋ ከስሙ ትይዩ የተጻፈበት ሰንጠረዥ ማለት ነው። ስናዘጋጀው፥

$ዋጋ = ['ቡና' => 40, 'ሻይ' => 20];

ብለን እንጽፋለን፤ ፒ.ኤች.ፒ. በእኛ ፊደል የወጣ ስም ይቀበላልና። ባለ ሁለት መስመሩ ቀስት => እዚህ ላይ ስምን ከዋጋው ጋር ያጣምራል። የቡናውን ዋጋ ለማውጣት ግን በማዕዘን ቅንፍ $ዋጋ['ቡና'] እንላለን።

ሁለተኛው ኦብጀክት ነው። እርሱ መረጃ ከመያዙም በላይ የታዘዘውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከውስጡ አንድ ነገር ስንፈልግ በባለ አንድ መስመሩ ቀስት $ዕቃ->ዋጋ ብለን እንጠይቀዋለን።

ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ምን ይደርስበታል? ተራውን ኦብጀክት በቅንፍ ቢጠይቀው ፕሮግራሙ ስሕተቱን ተናግሮ ይቆማል። አሬዩን ግን በቀስት ዋጋ ቢጠይቀው ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ባዶ መልስ ያቀብለዋል። ባዶም በሒሳብ ውስጥ እንደ ዜሮ ይቆጠራልና ደንበኛው ቡናውን በነፃ ጠጥቶ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ከቆመው ፕሮግራም ይልቅ እንዳልሆነ ሆኖ የሚቀጥለው ያስፈራል።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። የአሬይን ይዘት ለሌላ ስም ስንሰጥ የሰነድ ግልባጭ እንደ መስጠት ነው፤ በግልባጩ ላይ ዋጋ ብንቀንስ ዋናው አይነካም። ኦብጀክትን ስንሰጥ ግን፥ በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአምስተኛው ፒ.ኤች.ፒ. ጀምሮ፥ የምንሰጠው እንደ ቤት አድራሻ ያለ ነገር ነው። አድራሻውን ይዞ የሄደ ሰው ግድግዳውን ቀለም ቢቀባ የሚለወጠው ያው ቤት ነው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ የታሰበ ቅናሽ ለሁሉም ሆኖ ሊገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። የራሱን ቅጂ የሚፈልግ ሰው «ክሎን» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ይገባዋል።

በተለይም በስምና በዋጋ ተደርድሮ በጄሶን የተላከ መረጃ ሲፈታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈቺው ትእዛዝ ምንም ካልተነገረው ኦብጀክት ይሰጣል፤ «አሬይ አድርገው» ከተባለ አሬይ ይሰጣል። መረጃው አንድ ሲሆን የሚጠየቅበት ምልክት ግን ይለያያል።

እንግዲህ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው፥ ምልክቱን ከመጻፍ በፊት በእጅ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ «ቫር ደምፕ» በሚባለው ትእዛዝ መመልከት ነው። አሬይ ከሆነ ቅንፍ፥ ኦብጀክት ከሆነ ቀስት። ይህን ልማድ ያደረገ ወጣት የሱቁን ሒሳብም የራሱን እንቅልፍም ያተርፋል።