መብራቱ ከጣና፣ ሥራው ለማን?

የጣና ውኃ በሐይቁ ምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ እየወረደ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። በሐይቁ ዙሪያ ግን ዛሬም በኩራዝ የሚያጠና ተማሪ አለ።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝቡ ሁሉ መብራት ሊያዳርስ፣ 35 በመቶ ለሚሆነውም ከዋናው መስመር ውጭ፣ ይልቁንም በፀሐይ ኃይል፣ ሊያደርስ አቅዶ ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ዕቅዱ ግን አልተፈጸመም።

ይህ ሥራ እጅ ይፈልጋል። የፀሐይ ሰሌዳ የሚሰቅል፣ ሽቦ የሚዘረጋ፣ ባትሪ ሲደክም የሚለውጥ ባለሙያ ያሻዋል። ከተማችን ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው ፖሊቴክኒክ ከተከፈተበት ከ1955 ዓ.ም. አንሥቶ ነው።

ታዲያ ሥራው ሲከፈት መለኪያው ምን ይሁን? «አባል ካልሆናችሁ ሥራ አታገኙም» የሚለውን ምክር ከመካከላችን ያልሰማ የለም። የክልላችን ገዥ ፓርቲ በ2011 ዓ.ም. ብአዴን መባሉ ቀርቶ አዴፓ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ብልጽግና ገባ። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን በስም ለውጥ አይጠገንም። ፓርቲው የቢሮ ኃላፊውን ከራሱ ሰዎች ቢሾም የፖለቲካ ወግ ነው፤ ሽቦ ሠራተኛውን ግን ፈተና ይምረጠው።

ስለዚህ የክልሉ መንግሥት የመብራት ባለሙያዎችን በግልጽ ማስታወቂያና በፈተና እንዲቀጥር፣ ውጤቱንም በየወረዳው አደባባይ እንዲለጥፍ እንጠይቃለን። እኛም በበኩላችን በዕረፍታችን ጊዜ ከመምህራኖቻችን ጋር ወደ ገጠር ወጥተን የተበላሸውን ለመጠገን ዝግጁ ነን።