ስለ መረሬ መሬትና ስለ ክረምት ውሃ

የእርሻ ፍሬ ባነሰ ጊዜ ምክንያቱን በዝናብ ማነስ ወይም በዘር መበላሸት ላይ መጣል የተለመደ ነው። ነገር ግን በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን እህልን የሚጎዳው የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መብዛት የሆነበት መሬት ብዙ ነው። ይኸውም ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። ሊቃውንት እንደ ለኩት ይህ አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል፤ ከዚህም ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። በበቾ ሜዳ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በደጀንና በቢቸና በኩል ያለፈ ሰው ጠባዩን አይስተውም። በበጋ የከብት እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውሃውን በላዩ ያቆማል።

አፈሩ በራሱ ለም ነው። ጉዳቱ የእህሉ ሥር በውሃ ታፍኖ አየር ማጣቱ ነው። ስለዚህ ገበሬው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ጤፉን በሐምሌ መጨረሻ፣ ሽምብራውንና ምስሩን፣ ጓያውንም በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራል። ይህን መዘግየት ስንፍና የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የሚሉትን ሰዎች በሐምሌ ወር ወደ ማሳው ገብተው እንዲያዩ እንመክራቸዋለን። የሆነ ሆኖ ኪሣራው ብዙ ነው። የክረምቱ ብርቱ ዝናብ ታርሶ ራቁቱን በቆየ መሬት ላይ ወርዶ የላይኛውን አፈር ይወስዳል፤ ዘግይቶ የተዘራውም እህል ከአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ስለሚኖር ዝናቡ ቶሎ ያቋረጠ እንደ ሆነ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በሐምሌ ውሃ የተረፈው ማሳ በጥቅምት ውሃ ይጠማዋል።

አባቶቻችን ይህን ችግር ዝም ብለው አልተመለከቱትም። ፈሰስ ማውጣትና ሹሩቤ ማበጀት ከጥንት የታወቀ ነው። በእነዋሪ አገር ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና በመካከሉ ቦይ ሲሠሩ ኖረዋል። በሸኖ በኩል ደግሞ ጓይ የሚባለው፣ አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልካም ገብስ ያበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ለብዙ ዓመታት ማረፍ ያስፈልገዋል። ርስቱ ሰፊ ለነበረው ሰው ይህ ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን ማሳው ጠባብ በመሆኑ የሚያሳርፈው የለውም።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የምርምር ሰዎች የእነዋሪን መደብ መሠረት አድርገው ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን በማጣመር በአንድ ጥማድ በሬ የሚጎተት መሣሪያ አወጡ። የመደቡ ወርድ 80፣ የቦዩም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ የተዘጋጀ ማሳ ስንዴን በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ለመዝራት ያስችላል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር በተገኘበትም ስፍራ ከስንዴው በኋላ ሽምብራ መከተል ይችላል። ሆኖም እንደ ታሰበው ያህል አልተስፋፋም። የመጀመሪያው መሣሪያ ከባድ ነበር፤ በሬውም በሰኔ ከበጋው የመኖ እጥረት ገና አላገገመም። ቀድሞ የተዘራ እህል አረም ስለሚበዛበት ብዙ የሰው ጉልበት ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የውሃው መውጫ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ከማሳው ያወጣው ውሃ በታች ባለው ጎረቤቱ ማሳ ላይ ይፈሳል። ጎረቤቱም ቦዩን ይደፍናል፤ ነገሩም ወደ ጠብ፣ ከዚያም ወደ ዳኛ ይሄዳል። ማሳ ተከፋፍሎ በጠበበበት ቀበሌ አንድ ሰው ብቻውን መሬቱን ሊያጠነፍፍ አይችልም። መሣሪያ ማደል ለአንድ ቤት ይሆናል፤ ውሃን መምራት ግን የመንደር ሁሉ ሥራ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና የእርሻ ባለሙያዎች ዝናቡ ሳይጠና፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ከባለማሳዎቹ ጋር ሜዳውን ዞረው የጋራውን ዋና ቦይ ከምንጩ እስከ ወንዙ ድረስ መተለም ይገባቸዋል። ቦዩ የሚያልፍበት ሰው መሬት ስለሚጎድልበት ካሣው ወይም ለውጡ አስቀድሞ ይነገረው፤ በዚህም ካህናትና ሽማግሌዎች መካከል ቢገቡ ቃሉ ይጸናል። ቦዩንም ቁልቁል በቀጥታ መቅደድ አይገባም፤ ውሃው ይፈጥንና በጥቂት ክረምት ገደል ያደርገዋል። አግድም ዘንበል ብሎ በዝግታ እንዲወርድ፣ ዳሩም ሣር እንዲለብስ ያስፈልጋል። ከየወረዳው የሚመጣው ወረቀትም ስንት መሣሪያ እንደ ታደለ ብቻ ከሚቆጥር፣ ከሰኔ በፊት ስንት ሜዳ የውሃ መውጫ እንዳገኘ ቢያስታውቅ ይሻላል።